የነፍሰ ጡር እንቅልፍና የእርግዝና ስኳር፦ የታወቀውና ገና ያልተረጋገጠው

ነፍሰ ጡር ሴት «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ» ስትል የሚሰጣት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄማ ያለ ነው፤ ስትወልጂ ደግሞ ታዪዋለሽ።» መልሱ ከክፋት የመጣ አይደለም። አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ እንቅልፋቸው ይቆራረጣል። ሽንት ያመላልሳል፣ ቃር ያቃጥላል፣ ወገብ ያማል፣ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ እናቱ ጋደም ስትል መራገጥ ይጀምራል። ችግሩ፣ «ያለ ነው» የሚለው አነጋገር የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማለፉ ነው። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሳ ያደረች ሴት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኳን ስታይ የቆየች ሴት እና ትንፋሿ ሌሊቱን ሙሉ ቆም እያለ ያደረች ሴት ጠዋት ላይ ሦስቱም «አልተኛሁም» ይላሉ። በሰውነታቸው ውስጥ ያለፈው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ልዩነቱን የሚያሳስብ ያደረገው የእርግዝና ስኳር ነው። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የወጡ ጥናቶች የእንቅልፍ ችግር ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ዜናው ወደ ሕዝብ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ «ያልተኛች እናት ስኳር ይይዛታል» ወደሚል አስደንጋጭ አርዕስት ይቀየራል። እንቅልፍ ላጣች ሴት ሌላ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር መጨመር ማለት ነው። ማስረጃው በእርግጥ የሚለውን ለማየት ከስኳሩ መነሳት ይሻላል።

እርግዝና ራሱ ኢንሱሊንን ይፈትናል

የእርግዝና ስኳር ማለት ከእርግዝና በፊት የስኳር በሽታ ያልነበረባት ሴት ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ በደሟ ያለው ስኳር ከልክ በላይ ሲወጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በምርመራ ይፈለጋል። በብዙ አገሮች ሴትየዋ ሳትበላ ካደረች በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ ትጠጣለች፤ ከመጠጣቷ በፊት፣ ከአንድ ሰዓት እና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሟ ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በተቀበለው መለኪያ መሠረት ከሦስቱ አንዱ እንኳን ከገደቡ ቢደርስ ወይም ቢያልፍ የእርግዝና ስኳር ይባላል፦ ሳይበላ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር። በመጀመሪያ በ50 ግራም አጣርተው ከዚያ ወደ ሁለተኛ ምርመራ የሚሄዱ አገሮችም አሉ።

ጉዳዩ ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 6 ሕፃናት የአንዱ እናት በእርግዝናዋ ወቅት የደም ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የእርግዝና ስኳር የያዛቸው ናቸው።

ስኳሩ ለምን በእርግዝና ይወጣል? ዋናው ምክንያት እንግዴ ልጁ ነው። እንግዴ ልጅ ለፅንሱ ምግብ ማቀበያ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሆርሞን ፋብሪካም ነው። የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ከቆሽት ወጥቶ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ፤ በዚህም ስኳሩ በእናቲቱ ጡንቻ ከመወሰዱ በፊት ፅንሱ ድርሻውን ያገኛል። በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ከቀድሞው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ጤነኛ ቆሽት ይህን የሚቋቋመው የኢንሱሊን ምርቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ በማሳደግ ነው። ይህን ያህል ማምረት ያቃተው ቆሽት ባለበት ስኳሩ ይወጣል። እንግዴ ልጁ ከተወለደ በኋላ በአብዛኞቹ ሴቶች ስኳሩ በቀናት ውስጥ ወደ ቦታው መመለሱም ለዚህ ማስረጃ ነው።

የወጣው ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። ፅንሱ የመጣለትን ስኳር የሚያስተናግደው በራሱ ቆሽት ነው፤ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ይወፍራል። በዚህም ምክንያት ምጡ ሊከብድ፣ ትከሻው ሊያዝ፣ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር በድንገት ሲቋረጥ የራሱ የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ እርግዝና ማለት ለኢንሱሊን ዳገት የሆነ ጊዜ ነው። የእንቅልፍ ጥያቄም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ዳገት እየወጣ ላለ ሰው በጀርባው ላይ ሌላ ሸክም ቢጨመርበትስ?

ከቤተ ሙከራ የተገኘው

እንቅልፍ ማጣት ኢንሱሊንን እንደሚያዳክም የምናውቀው መጀመሪያ ከነፍሰ ጡሮች አይደለም። በ1999 በላንሴት መጽሔት የታተመ የቺካጎ ጥናት 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ6 ተከታታይ ሌሊቶች በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ አስተኛ፤ ከዚያም እስከ 12 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ፈቅዶ እንቅልፋቸውን እንዲያካክሱ አደረገ። እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ስኳር ከደማቸው የሚወጣበት ፍጥነት ካካካሱበት ጊዜ በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወጣት፣ ጤነኛ፣ በዚያ ላይ አንድ ሳምንት እንኳን ያልሞላ ጊዜ።

በ2008 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ብልህ ነበር ብዬ አስባለሁ። ተመራማሪዎቹ 9 ወጣቶችን ለሦስት ሌሊት ያህል የተለመደውን ሰዓት አስተኟቸው፤ ነገር ግን ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሊገቡ ሲሉ ሳይቀሰቅሷቸው በድምፅ ብቻ እንቅልፋቸውን አሳሳሱት። የተኙበት ሰዓት አልቀነሰም፤ ጥልቀቱ ብቻ ጠፋ። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ግን በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ «8 ሰዓት አልጋ ላይ ነበርኩ» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይደለም ማለት ነውና።

ምክንያቶቹም ቢሆኑ በከፊል ታውቀዋል። እንቅልፍ ሲጓደል ማታ ላይ መውረድ የነበረበት ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ እንዳለ ይቆያል። ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጀው የነርቭ ክፍል ሌሊትም አያርፍም፤ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ይገፋፋል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ ይጨምራል፣ ይህም የጡንቻን ስኳር የመውሰድ አቅም ያደክማል። የረሃብ ስሜትም ይጨምራል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አብዝቶ የሚያምረው ደግሞ ጣፋጭና ስታርች የበዛበት ምግብ ነው።

እነዚህ ሁሉ ነፍሰ ጡር ባልሆኑ ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ነፍሰ ጡርን ሆን ብሎ እንቅልፍ ነስቶ ስኳሯን የሚለካ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ በእርግዝና ጉዳይ ያለን ዋናው መረጃ ሴቶች በተለመደ ኑሯቸው እንዴት እንደተኙ መዝግቦ፣ ማን በስኳር እንደተያዘች ከሚከታተል ጥናት የሚገኝ ነው። ይህ ዓይነቱ ጥናት ጠቃሚ ነው፤ ግን ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ይጫንበታል።

«አምስት እጥፍ» የሚለው ቁጥር

በ2010 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 1,290 ነፍሰ ጡሮችን በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠየቀ። 4 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት፣ 9 ሰዓት ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው 5.56 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ከወጣ ጀምሮ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ከጎኑ ያለው ቁጥር ግን አይጠቀስም፦ ትክክለኛው ዋጋ ከ1.31 እስከ 23.69 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ከትንሽ ጭማሪ እስከ ሃያ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ልዩነቱ እንዲህ የሰፋው 4 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው። ጥናቱ ፍንጭ ሰጥቷል፤ «አምስት እጥፍ» ብሎ በድፍረት መናገር ግን ከፍንጩ አልፎ መሄድ ነው።

የተሻለ መረጃ የመጣው መጠየቅ ቀርቶ መለካት ሲጀመር ነው። ሰው የተኛበትን ሰዓት ሲናገር አልጋ ላይ የቆየበትን ጭምር ይቆጥራል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ሌሊቱን ስንቴ እንደነቃች ጠዋት ላታስታውስ ትችላለች። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 782 ሴቶች ከ16ኛው እስከ 21ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ፣ እንደ ሰዓት በእጅ አንጓ የሚታሰር መሣሪያ ለአንድ ሳምንት እንዲያደርጉ አደረገ። በአማካይ ከ7 ሰዓት በታች የተኙት በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም ወደዚያው አቅጣጫ አመላክቷል፤ እንቅልፉ በመሣሪያ ሲለካ ግንኙነቱ በቃል ከተነገረው ይልቅ ጠንክሮ ታይቷል።

«ሁለት እጥፍ» ማለት ስንት ነው? ለስሌት እንዲመች፣ በደንብ ከሚተኙ 100 ነፍሰ ጡሮች 5ቱ በእርግዝና ስኳር ይያዛሉ እንበል። ትንሽ ከሚተኙ 100 ውስጥ ደግሞ 10 ይያዛሉ ማለት ነው። ይህ ለጤና ባለሙያና ለጤና ፖሊሲ አውጪ ትልቅ ልዩነት ነው። ለአንዲት ሴት ግን ትንሽ የሚተኙት 90ዎቹ እንደማይያዙ፣ በደንብ ከሚተኙትም 5ቱ እንደሚያዙ መንገር ያስፈልጋል። አለበለዚያ በስኳር የተያዘችው «ስላልተኛሁ ነው»፣ በደንብ የምትተኛው ደግሞ «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ክብደት ሲጨምር እንቅልፍ ይታወካል፤ ክብደት ስኳርንም ያመጣል። ዕድሜ፣ ጭንቀት፣ የሌሊት ፈረቃ ሥራ እና ጠባብ ቤት ውስጥ ከትናንሽ ልጆች ጋር መተኛትም በሁለቱም በኩል እጃቸው አለበት። ተመራማሪዎች እነዚህን በስሌት ለመለየት ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሳካም። ግንኙነቱ ከኋላ ወደፊትም ሊሄድ ይችላል፦ የደም ስኳሯ ቀድሞ ከፍ ያለ ሴት ሌሊት ሽንት ይበዛባታል፣ ይጠማታል፣ እንቅልፏም በዚያው ይቆራረጣል። እንደዚያ ከሆነ እንቅልፍ ማጣቷ የስኳሩ ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ የቤተ ሙከራው ውጤትና የነፍሰ ጡሮቹ ክትትል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ፣ እንቅልፍ ማጠር ለእርግዝና ስኳር አስተዋጽኦ እንዳለው መገመት ምክንያታዊ ነው። እንቅልፍን ማሻሻል የእርግዝና ስኳርን ይከላከላል ለማለት ግን ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በእንቅልፍ ረድቶ ውጤቱን የሚያነጻጽር ትልቅ ጥናት ያስፈልጋል።

ማንኮራፋቱን ማን ሰማው?

ከሁሉም የእንቅልፍ ችግሮች ማስረጃው የጠነከረውና ትኩረት ያጣው፣ በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ይህን ችግር የሚያያይዘው ከወፈሩ ጎልማሳ ወንዶች ጋር ነው፤ ነፍሰ ጡርን የሚያስብ ጥቂት ነው። እርግዝና ግን መንገዱን ይጠርግለታል። ኢስትሮጅን የአፍንጫን ውስጠኛ ሽፋን ያሳብጣል፤ ክብደት ይጨምራል፣ አንገት ይወፍራል፤ ማሕፀን ወደ ላይ ሲገፋ የሳንባ ቦታ ይጠባል። አንኮራፍታ የማታውቅ ሴት በ6ኛው ወሯ ማንኮራፋት ልትጀምር ትችላለች። ቤተሰብ ይስቅባታል፣ እሷም አፍራ ታልፈዋለች።

የትንፋሽ መንገዱ ሲዘጋ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ለአፍታ ይቀሰቅሳታል፤ ትንፋሿ ይመለሳል፤ እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ እሷ ጠዋት ስትነሳ ግን አንዱንም ላታስታውስ ትችላለች። በእያንዳንዱ መቋረጥ ሰውነት የአደጋ ጊዜ ሆርሞኖችን ይረጫል፤ የደም ግፊት ይዘላል፣ ስኳርም ይለቀቃል።

በ2017 የታተመ ሌላ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ከሦስት ሺህ በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች ቤታቸው ሆነው በእንቅልፍ መመርመሪያ መሣሪያ እንዲያድሩ አደረገ። በእርግዝና መጀመሪያ 3.6 በመቶ፣ በመካከሉ ደግሞ 8.3 በመቶ የሚሆኑት የትንፋሽ መቋረጥ ተገኘባቸው። በመጀመሪያ ላይ ችግሩ የተገኘባቸው በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ተኩል ነበር፤ ፕሪኤክላምፕሲያ በተባለው አደገኛ የእርግዝና ደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸውም ሁለት እጥፍ ገደማ። ክብደትና ዕድሜ በስሌት ከተስተካከሉ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም። ከሴቶቹ የአብዛኞቹ ችግር ቀላል ከሚባለው ደረጃ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ያሳስባል።

ታዲያ ማከሙ ስኳሩን ያወርዳል? የትንፋሽ መቋረጥ የታወቀው ሕክምና ሲፓፕ ይባላል፦ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በታይላንድ የእርግዝና ስኳርም የትንፋሽ መቋረጥም ባለባቸው 36 ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከሁለት ሳምንት ሲፓፕ በኋላ የደም ስኳራቸው አልወረደም፤ የኢንሱሊን አመራረታቸው ግን ተሻሽሎ ታየ። 36 ሴቶችና ሁለት ሳምንት ለመጨረሻ ብይን አይበቁም። ሲፓፕ እናቲቱን በደንብ ለማስተኛትና ኦክስጅኗን ለመጠበቅ መሰጠቱ ግን በራሱ በቂ ምክንያት አለው።

በክሊኒክ ደረጃ ያለው ክፍተት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታየኛል። ነፍሰ ጡር በየክትትሏ ክብደቷ ይለካል፣ ደም ግፊቷ ይታያል፣ ሽንቷ ይመረመራል፤ «ማንኮራፋት ጀምረሻል? አብሮሽ የሚያድር ሰው ትንፋሽሽ ሲቆም ሰምቷል? ጠዋት ራስሽን ያምሻል?» ብሎ መጠየቅ ግን እምብዛም የተለመደ አይደለም። ጥያቄው ምንም ወጪ የለውም። ለጎልማሳ ወንዶች ተብለው የተሠሩት መጠይቆች በነፍሰ ጡር ላይ በደንብ እንደማይሠሩ ይታወቃል፤ ድካምና የቀን እንቅልፍ በእርግዝና ከማንም አይጠፉምና። ይሁን እንጂ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የምታንኮራፋ፣ በተለይም ደም ግፊቷ ወይም ክብደቷ ከፍ ያለ ሴት ወደ ምርመራ መላክ ይገባታል።

የብርሃንና የሰዓት ጉዳይ

ከላይ በተጠቀሰው የ782 ሴቶች ጥናት ውስጥ ሌላም ግኝት ነበር። ስንት ሰዓት መተኛታቸው ብቻ ሳይሆን መቼ መተኛታቸውም ከእርግዝና ስኳር ጋር ተያይዞ ተገኘ። የእንቅልፋቸው እኩሌታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በኋላ የሚውልባቸው፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝተው ረፋድ 3 ሰዓት የሚነሱት፣ በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

በ2023 ደግሞ 741 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ የበለጠ ብርሃን ያገኛቸው ሴቶች በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አሳየ። ማታ የሚበራ ጠንካራ ብርሃን፣ ከጣሪያ መብራትም ይምጣ ከስልክ፣ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ያዘገያል፤ የልብ ምትንም ንቁ አድርጎ ያቆያል። በነገራችን ላይ ሜላቶኒን ከስኳር ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው፤ ቆሽት ላይ የሜላቶኒን ተቀባይ አለ፣ የዚህ ተቀባይ ዘረመል አንድ ዓይነት ልዩነት ያላቸው ሴቶችም በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ከዚህ ተነስቶ የሜላቶኒን ክኒን ገዝቶ መዋጥ ግን ስህተት ነው። በእርግዝና ያለው ደኅንነቱ በበቂ ሁኔታ አልተጠናም። መብራት መቀነስ ግን ጉዳት የለውም።

ለየችግሩ የየራሱ መፍትሔ

«በደንብ ተኚ» የሚል ምክር ባዶ ነው። የሚረዳው፣ እንቅልፉን የነሳው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

ማታ ማታ እግሯ ውስጥ የሚሄድ ወይም የሚበላ ነገር የሚሰማትና እግሯን ካላንቀሳቀሰች ማረፍ የማትችል ሴት፣ ዕረፍት የለሽ እግር የሚባለው ችግር ሊኖርባት ይችላል። ከ5 ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት በደም ምርመራ ማየት ይጠቅማል፤ የተገኘው እጥረት ሲታከም እግሩም ሊረጋጋ ይችላል። ይህ በየቤቱ «የእርግዝና ድካም ነው» ተብሎ የሚታለፍ ግን የሚታከም ነገር ነው።

አእምሮዋ አላርፍ ብሎ ጣሪያ ስታይ የምታድር ሴት ደግሞ መድኃኒቷ ክኒን አይደለም። ለእንቅልፍ ማጣት ቀዳሚ ተብሎ የሚመከረው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፦ የመነሻ ሰዓትን ማጽናት፣ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፣ «ዛሬም ካልተኛሁ ልጄ ይጎዳል» የሚለውን ሐሳብ መግራት። በ2020 በ208 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ሙከራ ይኸው ሕክምና በኢንተርኔት ሲሰጥ እንኳ ከተለመደው ክትትል የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። ሙከራው የታለመው እንቅልፍን ለማሻሻል እንጂ ስኳርን ለመለካት አልነበረም። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ግን በእርግዝና ፈጽሞ አይገባም።

ሽንት ለሚያመላልሳት ውኃን ቀን ቀን አብዝታ ማታ ላይ መቀነስ ይረዳል፤ ጠቅላላ የምትጠጣውን መቀነስ ግን አይገባም። ሽንቱ በድንገት ከበዛ፣ ጥማት ከጨመረበት ወይም ካቃጠለ ግን ለሐኪም መንገር ይሻላል። ቃር ላለባት እራትን ቀደም ማድረግና ከወገብ በላይ ከፍ ብሎ መተኛት ይጠቅማል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት ይመከራል፤ በጀርባ መተኛት ወደ ፅንሱ የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ስለሚችልና የትንፋሽ መቋረጥንም ስለሚያብስ ነው። ሌሊት በጀርባዋ ሆና የነቃች ሴት መደናገጥ የለባትም፤ ወደ ጎኗ ዞር ብላ መተኛት ይበቃታል። ሐኪም ካልከለከላት በስተቀር በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለው፣ ለእንቅልፍም ለስኳርም ይበጃል፤ የእርግዝና ስኳርን በመቀነስ በኩል ማስረጃው ከእንቅልፍ ምክር ሁሉ የጠነከረው ይህ ነው።

ከእነዚህ አንዱም የስኳር ምርመራን አይተካም። በደንብ የተኛች ሴትም መመርመር አለባት። ስኳሩ ከተገኘ ደግሞ የሚታከም ነው፦ በ2005 የታተመ፣ 1,000 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በአመጋገብ ምክር፣ በስኳር ክትትልና ሲያስፈልግ በኢንሱሊን በታከሙት ዘንድ በሕፃናቱ ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። በእንቅልፍ ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ሙከራ እስካሁን የለም። ቅደም ተከተሉን መሳት አይገባም።

በዚህ ርዕስ ዙሪያ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ወቀሳው ነው። ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ፣ ታማሚ የምታስታምም ሴት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚቀሰቅሳት እናት እንቅልፍ ያጡት ስንፍና ኖሮባቸው አይደለም። ለእነሱ የሚጠቅመው የባሏ ወይም የእናቷ እጅ፣ የአሠሪ ፈቃድ፣ የፈረቃ ለውጥ ነው። የቀን ሸለብታም ዋጋ አለው፤ በሌሊት የጎደለው እንቅልፍና የእርግዝና ስኳር ግንኙነት በቀን ሸለብ በማይሉት ዘንድ ጎልቶ የታየበት ጥናት አለ።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ የባሰ ይዘነጋል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ወደፊት በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን በ2020 የወጣ ሰፊ ትንተና አሳይቷል። ስለዚህ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በግሉኮስ መጠጥ እንደገና እንድትመረመር፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ እንድትታይ ይመከራል። ብዙዎች ግን ለዚህ ምርመራ አይመለሱም፤ ጊዜው ሕፃኑ ሌሊቱን ቀን ያደረገበት፣ እናቲቱ በልታ መተኛትን እንኳን እንደ ዕድል የምትቆጥርበት ነውና። ምርመራው ሳይበሉ ማደርንና ሁለት ሰዓት መቀመጥን ይጠይቃል። ቀጠሮው ሕፃኑ ለ6ኛ ሳምንት ክትባቱ በሚወሰድበት ጠዋት ቢሆን፣ እሷ ደም እስክትሰጥ ሕፃኑን የሚይዝ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ያልቃሉ።